ፊርማ፣ ፕሮግራም ወይስ ኖታ፦ የፍሪትዝ ክራይስለርን መታሰቢያ ለሚመርጥ ሰው የቀረበ ንጽጽር

የአንድ ታላቅ ቫዮሊን ተጫዋች መታሰቢያ ለመግዛት የተነሣ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ስለ ተፈረመበት ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ያምራል፤ ፊርማውም ያ ክር የሚያናግር እጅ በዚያ ወረቀት ላይ ማረፉን ይመሰክራል። ነገር ግን ከፎቶግራፉ ጎን ለጎን የኮንሰርት ፕሮግራም፣ ደብዳቤ፣ የታተመ ኖታና ሸክላ ለሽያጭ ይቀርባሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በአነስተኛ ገንዘብ ተገዝተው ስለ ሰውየው ሕይወት ከፎቶግራፉ የበለጠ ይናገራሉ። ይህ ጽሑፍ አማራጮቹን የሚያነጻጽረው የቪየናውን ቫዮሊን ተጫዋች የፍሪትዝ ክራይስለርን ሕይወት መነሻ አድርጎ ነው፤ የክራይስለር የመድረክ ዘመን ረጅም፣ በሁለት የዓለም ጦርነቶች የተቆራረጠና ሁሉም ዓይነት ዕቃ የተረፈለት በመሆኑ ለንጽጽር ይመቻል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ክራይስለር በ1875 በቪየና ተወለደ። በ7 ዓመቱ ወደ ከተማዋ ኮንሰርቫቶሪ ገብቶ፣ በ1887 ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ከፓሪስ ኮንሰርቫቶሪ የአንደኝነት ሽልማት ተቀበለ፤ በቀጣዩ ዓመት ከፒያኖ ተጫዋቹ ከሞሪትዝ ሮዘንታል ጋር አሜሪካን ለመዞር ተጓዘ። ከዚያ መልስ ቫዮሊኑን ለዓመታት ወደ ጎን ትቶ የሕክምና ትምህርት ሞከረ፤ የውትድርና ግዴታውንም ተወጣ። ወደ ታላላቅ መድረኮች በእውነት የተመለሰው በ1899 በበርሊን፣ በአርተር ኒኪሽ መሪነት በተጫወተ ጊዜ ነበር። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤድዋርድ ኤልጋር የቫዮሊን ኮንቸርቶውን (አንድ ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበትን ድርሰት) ለእርሱ አበረከተለት፤ ሥራውም በኖቬምበር 10 ቀን 1910 በለንደኑ ኩዊንስ ሆል ደራሲው ራሱ ኦርኬስትራውን እየመራ፣ ክራይስለር ቫዮሊኑን እየተጫወተ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። በ1914 በኦስትሪያ ጦር ውስጥ መኮንን ሆኖ ዘምቶ ቆሰለ። በካርኔጊ ሆል ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው በኖቬምበር 1 ቀን 1947 ሲሆን፣ በጃንዋሪ 29 ቀን 1962 በኒው ዮርክ አረፈ።

እንዲህ ያለውን ሕይወት በአንድ ዕቃ ለማስታወስ የሚፈልግ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ዕቃው ከየትኛው ቀንና ቦታ ጋር እንደተሳሰረ ነው። ክራይስለር ወደ ስድሳ ዓመት ገደማ በአደባባይ የኖረ ሰው በመሆኑ ፊርማው ብርቅ አይደለም፤ ብርቅ የሚሆነው ፊርማው ከአንድ የታወቀ ምሽት ወይም ከአንድ ሰው ጋር ሲያያዝ ነው። እኔ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማመዛዝነው በዚህ መስፈርት ነው፤ ስለዚህም ፍርዴ በሻጮች ዘንድ ከተለመደው የዋጋ ደረጃ ጋር ሁልጊዜ ላይስማማ ይችላል።

የተፈረመበት ፎቶግራፍ

በዚህ ስም የሚሸጡት ነገሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። የልጅነትና የወጣትነት ዘመን ምስሎች በአብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፎቶ ቤቶች ይዘጋጁ የነበሩ፣ በወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፉና 11 በ16 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆኑ ናቸው፤ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ፖስትካርዶች በዝተው ይገኛሉ፤ ከዚያም ለጋዜጦችና ለኮንሰርት አዘጋጆች የሚላኩት ትልልቅ የስቱዲዮ ምስሎች ይከተላሉ። በላያቸው ያለው ጽሕፈትም ሦስት መልክ አለው፦ ስም ብቻ፣ ስም ከመታሰቢያ ቃል ጋር፣ ወይም ስም ከአንድ ሥራ ከተወሰዱ ጥቂት የኖታ መሥመሮች ጋር።

የኖታ መሥመር ያለበት ፎቶግራፍ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከሁሉም በላይ የሚፈለግ ሲሆን፣ ይህ ፍላጎት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሙዚቀኛው ስሙን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም በእጁ ጽፎ ሰጥቷልና። የማልስማማው ስለ መታሰቢያ ቃል በሚባለው ነገር ላይ ነው። ብዙ ነጋዴዎች ለማይታወቅ ሰው የተበረከተ ፎቶግራፍ ስም ብቻ ካለበት ያነሰ ዋጋ እንዳለው ይቆጥራሉ፤ ገዢው በግድግዳው ላይ የሌላ ሰው ስም ማየት አይፈልግም ይላሉ። ሕይወትን ለማስታወስ ለሚገዛ ሰው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ስም ብቻ ያለበት ምስል በየትኛውም የሆቴል አዳራሽ ተሰልፎ ለጠበቀ ሰው የተፈረመ ሊሆን ይችላል፤ የተቀባዩ ስም፣ ከተማውና ቀኑ ያለበት ምስል ግን በሁለት ሰዎች መካከል የሆነ ነገር ማስረጃ ነው። በእኛም ዘንድ ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሣ ሰው ምስሉን ለወዳጁ ሲሰጥ ከጀርባው «መታሰቢያ ይሁን» ብሎ ስምና ቀን ይጽፍ እንደነበር ለሚያስታውስ አንባቢ ይህን ማስረዳት ብዙም አያስፈልግም፤ ያ ጽሕፈት ባይኖር ዛሬ ከአልበሙ ውስጥ ስንቱን ፊት ማን እንደሆነ ባላወቅን ነበር።

ፎቶግራፍ አንድ አሳሳች ጠባይ አለው፤ ሁለት ዕድሜ ይይዛል። ምስሉ የተነሣው በ1910 ሆኖ ፊርማው የተጻፈው በ1930 ሊሆን ይችላል፤ ፎቶ ቤቱም ያንኑ ምስል ለዓመታት ደጋግሞ ያትማል። ስለዚህ ሻጩ «የ1910 የተፈረመበት ፎቶግራፍ» ሲል የትኛውን ዕድሜ ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ያሻል። ፖስትካርድ ከሆነ ጀርባው ይረዳል፤ ለመልእክትና ለአድራሻ በመካከል በመሥመር የተከፈለ ጀርባ በእንግሊዝ ከ1902፣ በጀርመን ከ1905፣ በአሜሪካ ከ1907 በፊት አልተለመደም።

የፊርማውን እውነተኛነት ለመመርመር አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽርና ደህና የጠረጴዛ መብራት ብዙ ሥራ ይሠራሉ። በማተሚያ ቤት የታተመ ፊርማ በመነጽሩ ሲታይ ወደ ጥቃቅን ነጥቦች ይበተናል። ከዚህ የበለጠ የሚያታልለው በፎቶግራፉ ኔጌቲቭ ላይ ተጽፎ ከምስሉ ጋር አብሮ የታጠበ ፊርማ ነው፤ ነጥብ የለውምና። እንዲህ ያለው ፊርማ ብዙ ጊዜ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ወረቀቱ በብርሃን ሥር ወደ ጎን ሲዘነበልም ከምስሉ ጋር አንድ ዓይነት ብልጭታ ይሰጣል፤ እውነተኛ ቀለም ግን በወረቀቱ ላይ ተቀምጦ የተለየ ጥላ ያሳያል፤ መሥመሮች በሚተላለፉበት ቦታም ይጠቁራል። በጎማ ማኅተም የተመታ ፊርማ ደግሞ እጅ ሲጫንና ሲላላ የሚፈጠረው የውፍረት ልዩነት የለውም። የብዕሩም ዓይነት ይመሰክራል፤ ዛሬ የምንጠቀምበት ባለ ኳስ እስክሪብቶ በኒው ዮርክ ለገበያ የቀረበው በኦክቶበር 1945 ነውና፣ በ1920ዎቹ በዚህ ዓይነት ብዕር የተፈረመ የክራይስለር ምስል ሊኖር አይችልም። የፎቶግራፍ ወረቀትን የሚያነጡ ኬሚካሎችም በሰፊው የገቡት በ1950ዎቹ በመሆኑ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራ ወረቀት ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው መባሉን መቀበል አይገባም።

የኮንሰርት ፕሮግራም

ፕሮግራም ፎቶግራፍ የሌለው ነገር አለው፤ ቀኑና አዳራሹ፣ አጃቢውና ሥራዎቹ በላዩ ላይ ታትመዋል። ያልተፈረመበት ፕሮግራም እንኳ የአንድን ምሽት ቅርጽ ይይዛል፤ ከተፈረመበት ደግሞ ፊርማው በዚያው ምሽት ከመድረኩ ጀርባ መገኘቱ በጣም የሚመስል ነገር ነው። የክራይስለርን ሕይወት በፕሮግራሞች ለመከተል የሚፈልግ ሰው የ1910ሩን የኩዊንስ ሆል ፕሮግራም ያልማል፤ ያ ቀርቶበት እንኳ በቀላሉ የሚገኙት የ1920ዎቹና የ1930ዎቹ ፕሮግራሞች ሰውየው በየከተማው ምን ያህል እንደዞረ ያሳያሉ።

የሌሉት ፕሮግራሞችም ይናገራሉ። አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ የኦስትሪያ መኮንን የነበረ ሰው በመድረክ መታየቱ ቁጣ አስነሣ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር የፒትስበርግ ባለሥልጣናት ኮንሰርቱን ከለከሉ፤ ክራይስለርም ከውሎቹ እንዲለቀቅ ጠይቆ እስከ 1919 ድረስ ከመደበኛው የኮንሰርት ሕይወት ራቀ። ስለዚህ በ1918 በአሜሪካ ተካሄደ የሚል የተፈረመበት ፕሮግራም ያጋጠመው ገዢ፣ ዝግጅቱ የበጎ አድራጎት መሆን አለመሆኑን ሳይመረምር ገንዘቡን ማውጣት የለበትም። ሁለተኛው ክፍተት የተፈጠረው በኤፕሪል 1941 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ክራይስለር በኒው ዮርክ መንገድ ሲያቋርጥ በጭነት መኪና ተገጭቶ ራሱን ስቶ ሰነበተ፤ ወደ ካርኔጊ ሆል የተመለሰው በ1942 ነው። ከዚህ መመለስ በኋላ ያለ ፕሮግራም በእኔ ሚዛን ከየትኛውም የቀደመ የስቱዲዮ ምስል ይበልጣል።

አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ በመድረኩ ላይ ሳይሆን ከመድረኩ ውጭ በሆነ ነገር ይከብዳል። ሌላው ታላቅ ቫዮሊኒስት ብሮኒስላቭ ሁበርማን በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1936 በካርኔጊ ሆል በጓርኔሪ ቫዮሊኑ ሲጫወት፣ በ1713 የተሠራው ሌላው ቫዮሊኑ ስትራዲቫሪየስ (ሁለቱም በታላላቅ የጣልያን ቫዮሊን ሠሪዎች ስም የሚጠሩ ናቸው) ከመልበሻ ክፍሉ ተሰረቀ፤ ሌባው ምሥጢሩን ያወጣው በ1985 ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ነው። ቫዮሊኒስቱ ያሻ ሃይፌትዝ በካርኔጊ ሆል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት የኦክቶበር 27 ቀን 1917 ፕሮግራምም በውስጡ የታተመው ተራ የሥራዎች ዝርዝር ነው፤ ዋጋው ያለው ያን ምሽት የ16 ዓመት ልጅ የአሜሪካን የቫዮሊን አድማጭ መለኪያ መቀየሩን በምናውቀው በእኛ ዘንድ ነው።

የፕሮግራም ጉድለቱ ሁለት ነው። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ርካሽና አሲድ ያለበት በመሆኑ ቢጫ ይሆናል፣ በታጠፈበትም ይቀደዳል። ከዚህ ሌላ ፕሮግራም የታሰበውን እንጂ የሆነውን አይመዘግብም፤ አድማጭ በጭብጨባ አላስወጣ ብሎ የሚያስጨምራቸው አጫጭር ሥራዎች በላዩ አይገኙም፤ ክራይስለርን በመሰለ ሰው ዘንድ ደግሞ ብዙዎች የመጡት ለእነዚያው ነበር።

ደብዳቤ

ስለ ደብዳቤ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በእጅ የተጻፈና ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ጉዞ ወይም ስለ ሌላ ሙዚቀኛ የሚናገር ደብዳቤ ከሁሉም የላቀ መታሰቢያ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። በታይፕ የተጻፈና የቀጠሮ ወይም የምስጋና ቃል ብቻ ያለበት ግን ከፊርማው በቀር የሰውየው ነገር የለበትም፤ ቃሉን ጸሐፊ አዘጋጅቶት ሊሆን ይችላል። ክራይስለር በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ይጽፍ ስለነበር፣ ገዢው የማያነበውን ደብዳቤ ከመግዛቱ በፊት አንባቢ ይፈልግ። በውስጡ ያለውን ሳያውቅ ስለ ፊርማው ብቻ የሚከፍል ሰው በዚያው ገንዘብ ፎቶግራፍ ቢገዛ ይሻለዋል።

የታተመ ኖታ

ብዙ ገዢዎች ሳያዩት የሚያልፉት፣ እኔ ግን አንድ ዕቃ ብቻ እንድመርጥ ቢፈቀድልኝ የምመርጠው ይህ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የክራይስለርን ትልቁን ቀልድ፣ ወይም እንደ አንዳንዶች አባባል ትልቁን ማታለል፣ ማወቅ ያስፈልጋል። ክራይስለር በወጣትነቱ በየኮንሰርቱ የሚያቀርባቸው አጫጭር ሥራዎች አነሱበት፤ የራሱን ስም በፕሮግራሙ ላይ ደጋግሞ ማሳተምም አሳፈረው። ስለዚህ የራሱን ድርሰቶች የድሮ ደራስያን ሥራ ናቸው፤ ከተረሱ የእጅ ጽሑፎች አገኘኋቸው እያለ ያቀርብ ጀመር። «ፕሬሉዲየም እና አሌግሮ» የፑንያኒ፣ አንድ ኮንቸርቶ የቪቫልዲ፣ ሌሎቹም የሉዊ ኩፕራንና የፍራንኬር ተባሉ፤ በሾት ማተሚያ ቤትም በዚሁ ስም ታተሙ። የዓለም ቫዮሊኒስቶች ለሠላሳ ዓመት ገደማ የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሙዚቃ ነው እያሉ ተጫወቱት። በ1935 የኒው ዮርክ ታይምስ ሐያሲ ኦሊን ዳውንስ ስለ ምንጩ ሲጠይቀው ክራይስለር እውነቱን አወጣ፤ በለንደን ሐያሲው ኧርነስት ኒውማን ነገሩን ከሥነ ምግባር ውጭ ነው ብሎ ተቆጣ፤ ብዙ ሌሎች ግን ሳቁ።

ከዚህ በኋላ የታተሙት ኖታዎች «በፑንያኒ ስልት» የሚል ቃል ይጨመርባቸው ጀመር። እንግዲህ በአሮጌ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ከ1935 በፊት የታተመ፣ የፑንያኒን ስም እንደ ደራሲ የያዘ ኖታ የሚያገኝ ሰው፣ ፊርማ ባይኖርበትም የክራይስለርን ምሥጢር ገና ሳይገለጥ በእጁ ይይዛል። ከኋለኛው እትም ጋር ጎን ለጎን ቢያስቀምጠው ደግሞ በሁለቱ ገጾች መካከል የአንድ ሰው ሠላሳ ዓመት ዝምታ ይታያል። ፊርማ ካለበትማ፣ በተለይም ክራይስለር በሌላ ሰው ስም በታተመ የራሱ ሥራ ላይ ስሙን ጽፎ ከሆነ፣ እኔ የኖታ መሥመር ካለበት ፎቶግራፍ በላይ የማየው ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በቀኑ ላይ ነው፤ በኖታው ግርጌ ያለው የባለቤትነት መብት ዓመት መጀመሪያ የታተመበትን እንጂ ያ ቅጂ የታተመበትን አያሳይም፤ ስለዚህ ዋናው ማስረጃ ዓመቱ ሳይሆን የደራሲው ስም አጻጻፍ ነው።

ሸክላ

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ድምፅ የላቸውም። ክራይስለር በጃንዋሪ 1915 ከኤፍሬም ዚምባሊስት ጋር የባኽን የሁለት ቫዮሊኖች ኮንቸርቶ ቀረጸ፤ በ1926 እና በ1927 ከሊዮ ብሌኽና ከበርሊን መንግሥታዊ ኦፔራ ኦርኬስትራ ጋር የቤትሆቨንን፣ የብራምስንና የሜንደልሶንን ኮንቸርቶዎች ተጫወተ፤ በ1928 ከሰርጌይ ራኽማኒኖቭ ጋር የግሪግን፣ የቤትሆቨንንና የሹበርትን ሥራዎች አስቀረጸ። የማይክሮፎን ቀረጻ የተስፋፋው ከ1925 ጀምሮ በመሆኑ፣ ድምፁን በቅጡ ለመስማት የሚፈልግ ሰው ከዚያ በኋላ ያሉትን ይምረጥ፤ የ1915ቱ ግን ሁለቱ ሰዎች በቀንድ መሰል መቀበያ ፊት ተጠጋግተው የተጫወቱበትን ዘመን ያስታውሳል።

ሸክላው በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ሲሆን ትልቁ በአንድ ገጽ ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል፤ አንድ ኮንቸርቶ በብዙ ሸክላዎች ላይ ተከፋፍሎ የሚሸጠው ስለዚህ ነው፤ ስብስቡ ያልተጓደለ መሆኑን መቁጠር ግድ ይላል። ለኋለኛው፣ ጎድጓዱ ቀጭን ለሆነው ሸክላ የተሠራ መርፌ አይሆንለትም፤ ሰፊ መርፌ ይፈልጋል። ሲወድቅ እንደ ሳህን ይሰበራል። ለመስማት ብቻ የሚፈልግ ሰው እነዚህን ቀረጻዎች በዘመናዊ ቅጂ ማግኘት ስለሚችል፣ ሸክላውን የሚገዛው ዕቃውን ራሱን የሚወድ ከሆነ ብቻ ነው።

ያለመግዛት አማራጭ

ክራይስለር ራሱ ሰብሳቢ ነበር። ብርቅ መጻሕፍቱንና የእጅ ጽሑፎቹን በ1949 በኒው ዮርክ በጨረታ ሸጦ ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት ሰጠ፤ የብራምስን የቫዮሊን ኮንቸርቶ የእጅ ጽሑፍ ግን በዋሽንግተን ለሚገኘው የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አበረከተ። በ1952 ደግሞ በ1730ዎቹ መጀመሪያ በክሬሞና የተሠራውን የጓርኔሪ ዴል ጄዙ ቫዮሊኑን ለዚሁ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ የአማርኛ አንባቢ ስለሚኖር ይህን መጥቀስ ተገቢ ነው፤ ዕድሜው 16 የሞላ ማንኛውም ሰው መታወቂያ ይዞ ሄዶ የአንባቢ ካርድ ያለ ክፍያ ያወጣል፤ ቤተ መጻሕፍቱ የሚያዘጋጃቸው ኮንሰርቶችም በነፃ ናቸው። ከመግዛት በፊት እንዲህ ባለ ቦታ ጥቂት እውነተኛ ጽሑፎችን ያየ ዓይን በኋላ በሻጭ ፊት በቀላሉ አይሸወድም።

ለማን የትኛው

ለግድግዳ የሚፈልግ ሰው የመታሰቢያ ቃልና ቀን ያለበትን ፎቶግራፍ ይያዝ፤ ለወደፊት ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ደግሞ የኖታ መሥመር ያለበትን ወይም የገበያው ልማድ እንደሚያዘው ስም ብቻ የተፈረመበትን ይምረጥ። ቫዮሊን ለሚማር ልጅ ስጦታ የሚፈልግ ወላጅ ያለ ጥርጥር ኖታ ይግዛ፤ ልጁ ሊጫወተው ይችላልና። የሕይወት ታሪኩን በቅደም ተከተል ለመከተል የሚሻና ትዕግሥት ያለው ሰው ያልተፈረመባቸውን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ቢያሰባስብ፣ በአንድ ውድ ፎቶግራፍ ዋጋ ከ1899 እስከ 1947 የሚዘልቅ ረድፍ ሊኖረው ይችላል።

የተመረጠው ወረቀት ከሆነ፣ ቀለም በብርሃን ይጠፋልና የፀሐይ ጮራ በማያገኘው ግድግዳ ላይ፣ አልትራቫዮሌት በሚከላከል መስታወትና አሲድ በሌለበት ካርቶን ይሰቀል፤ በፕላስተር መለጠፍና በላስቲክ ማሸግ ፈጽሞ አይገባም። ሻጩ የእውነተኛነት የምስክር ወረቀት ካቀረበ የወረቀቱን ማማር ሳይሆን የፈረመውን ሰው ማንነትና ስሕተት ቢገኝ ገንዘብ ይመልስ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ ዕቃው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ የሚያሳይ አሮጌ ደረሰኝ ወይም አልበም ከምስክር ወረቀቱ ይበልጥ ያሳምናል። ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ደግሞ ሻጩ የዕቃውን ጀርባ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክ ይጠየቅ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ የቀድሞው ባለቤት ማስታወሻና የሙጫ ምልክት የሚገኙት በዚያ በኩል ነው።